ላስቲኩ ያልተገፈፈ አልጋ

«በይ ዛሬ የፊተኛውን ክፍል ጥረጊው፤ ጊዜው ደርሷል» አለችኝ እናቴ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች።

ክፍሉን ከጠየቅኋት ሰነባብቷል። መልሷ ሁልጊዜ «እስቲ እናያለን» ነበር፤ በእኛ ቤት «እስቲ እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ ያን ቀን «ጊዜው ደርሷል» ስትለኝ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ብዙ ካወራሁ ሐሳቧን የምትለውጥ መሰለኝ። መጥረጊያውን አንስቼ ገባሁ።

የፊተኛው ክፍል ከቤታችን ሁሉ የተሻለው ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ የራሱ በር አለው፤ ቧንቧው ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። ውስጡ ማንም ተኝቶበት የማያውቅ አልጋ አለ። ፍራሹ ከሱቅ እንደመጣ ከነላስቲኩ ነው ያለው። አንድ ቁም ሣጥን፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን፣ በየዓመቱ የሚቀየር መጋረጃም አሉ። ሁሉም የወንድሜ ናቸው። ወንድሜ ውጭ አገር ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም። እናቴ ግን «ተጠቃልሎ ሲመጣ» ማለቷን ትታ አታውቅም። እኔ የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። ልብሴ በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ታችኛው መሳቢያ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም እሱኑ ነው። ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ በሌሉበት «እትዬ ሬዲዮ» የሚላቸው ሴትዮ፣ ትምህርት ስጀምር «ዶክተር» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲሰሙ «የጀሶ ዶክተር» ብለው አስተካከሉት። የምሠራበት ላብራቶሪ ባለቤት፣ አለቃዬ፣ እሱም በዚሁ ወር አገር ለቆ ሊሄድ ነው። «ቦታ ካለሽ ማሽኖቹ አንቺ ጋ ይቆዩ፤ ሥሪባቸው። እዚያ ካልተመቸኝ ተመልሼ አብረን እንሠራለን» ብሎኛል። ቦታ ከሌለኝ ግን ሌላ ከተማ ያለ ሰው መኪና ይዞ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ሥራ የሚልኩልን ሐኪሞች በእጄ ሥራ ረክተዋል፤ ይቀጥላሉ። የቀረኝ አንድ ክፍል ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጠረግሁ። መስኮቱን በጋዜጣ ወለወልኩ። የመሥሪያ ጠረጴዛው የት እንደሚቆም በሜትር ለክቼ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። አልጋው ቢወጣ የማለስለሻው ማሽን ከመስኮቱ ሥር ልክ ይገባል። ከሰዓት በፊት ላብራቶሪ ሄጄ አንድ ከረጢት ጀሶና የጥርስ ልኬት የሚወሰድበትን ዱቄት በታክሲ አምጥቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ሳንጎራጉር እናቴ ገባች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጀሶ ነው።»

«ጀሶ መሆኑንማ አያለሁ፤ ዓይን አለኝ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«እማዬ፣ አንቺ ራስሽ አይደለሽ ጥረጊው ያልሽኝ?»

«ወንድምሽ እሁድ ይገባል እኮ! ለጀሶ ብሎ ክፍል የሚጠርግ ሰው የት ታይቶ ነው?» አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት አየች። በመዳፏ ለማጥፋት ስታሽ እርሳሱ ተዛመተና ቀለሙ ተበላሸ። «ይኸው! ይኸው! ቀለሙን አጠፋሽው። አሁን ምን ይላል?»

ወንድሜ ሊመጣ መሆኑን የሰማሁት እንዲህ ነው። ማታ ደውሎ ነግሯት ኖሯል። እሷም «አስቀድመው ያወሩት ነገር ይሰናከላል» ብላ ዝም ብላለች። እኔ ስናደድ እጄ ይቀዘቅዛል እንጂ ድምፄ አይወጣም። ከረጢቱን እየጎተትኩ ወስጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር አስገባሁት። ጀሶው በኮሪደሩ ሙሉ ነጭ መሥመር አሰመረ፤ እሱንም ጠረግሁ።

እሁድ ዕለት ወንድሜ ገባ። እናቴ አንገቱን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ማልቀሴ ራሴን ገረመኝ። ወፍሯል፤ ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል። ሲስቅ ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ነው የሚስቀው። በላካቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይም እንዲሁ ነበር። እናቴ ፎቶዎቹን ለሰው ስታሳይ «አያችሁ፣ ውጭ ወጥቶ ጨዋ ሆነ» ትል ነበር።

እራት ቀረበ። እናቴ ሥጋውን በዓይኗ መርጣ የተሻለ የተሻለውን ሳህኑ ላይ ደረደረችለት። ወንድሜ እያገላበጠ ወደ ዳር ገፋው። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ በላ።

«ምነው ልጄ፣ አልጣፈጠም?»

«አውሮፕላን ላይ በልቻለሁ እማዬ።»

በማግስቱም አውሮፕላን ላይ በልቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን አውሮፕላኑ አለቀና ጨጓራው ታመመ። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ፣ ሳህኖቹን እያንኳኳች አለቀሰች። «እጄ አስጠላው። የሰው አገር ምግብ ለምዶ የእናቱ እጅ አስጠላው» አለችኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው መንጋጋ የማይ ሰው ነኝ። ወንድሜ የሚያኝከው በፊት ጥርሱ ነበር፣ እንደ ጥንቸል። ግራ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። በአንድ በኩል ሻዩ ሲነካው አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። አየሁት፤ እንዳየሁትም አየና ፊቱን አዞረ።

አልጋውም ነበር። እናቴ አዲስ አንሶላ ያነጠፈችለት በላስቲኩ ላይ ነው። ሲገላበጥ ላስቲኩ እየተንኮሻኮሸ እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ይሰማኛል። ጠዋት ሲነሳ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄን ላስቲክ ብናወጣው?»

«ተው የኔ ጌታ። ተጠቃልለህ ስትመጣ አዲስ ሆኖ ይጠብቅህ።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው አልጋ፣ ባለቤቱ እላዩ ላይ ተኝቶም መጠበቁን አልተወም። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

በሳምንቱ መካከል እትዬ ሬዲዮ መጡ። ሶፋዬ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ሰው! አየህ ሲደላህ? እዚህ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አርጅተህ ነበር።»

«ኧረ አርጅቻለሁ እትዬ።»

«ወዲያ! እዚያ ሰው አያረጅም አሉ። ሕክምናውም በነጻ ነው አይደል? ጉንፋን ሲይዛችሁ እንኳ ዶክተር ቤት ድረስ ይመጣል አሉ።»

ወንድሜ ወደ እኔ አላየም። «ጥሩ ነው» አለ።

«ታዲያ ይቺን ዝምተኛ ምን ልታረግ ትተዋታለህ? ጀሶ ስታቦካ እኮ ልታልቅ ነው። ይዘሃት ሂድ እንጂ!»

«ወረቀቷን ጀምሬላታለሁ» አለ ወንድሜ።

እናቴ ፈገግ አለች። ሁለቱ አስቀድመው ያወሩት ነገር እንደሆነ በፈገግታዋ ገባኝ።

«የምን ወረቀት ነው ጋሼ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ሰው ፊት» አለች እናቴ።

እትዬ ሬዲዮ በኔ ፈንታ እልል ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። «ዕድል በሯን ስታንኳኳ የምን ወረቀት ነው ትላለች! የኔ ልጅ ብትሆን እኮ ጫማም አታጠልቅ፣ እየሮጠች ነው የምትሄድ። እዚህ ምን አለና? መብራት የለ፣ ውኃ የለ፣ ሥራ የለ፣ ባል እንኳ የለ!» ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ወንድሜ በአፍንጫው ሳቀ። እኔ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ሥራ የለም ይላሉ። ሥራማ ነበረኝ፤ ያጣሁት ቦታውን ነው። ቦታውም እዚያው ነበር፣ ከሶፋው ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ላስቲክ ለብሶ። እነሱ ግን እኔን ከአገር ማስወጣት ከአንድ ክፍል አልጋ ከማውጣት ቀሏቸዋል።

በዚያው ቀን አለቃዬ ደወለ። «ሰውየው መኪናውን ሰኞ ሊልክ ነው። ምን ልበለው?» አለኝ። «እስከ እሁድ ታገሠኝ» አልኩት። ለምን እሁድ እንዳልኩ አላውቅም።

እሁድ እናቴ ከእትዬ ሬዲዮ ጋር የታመመች ዘመድ ልትጠይቅ ወጣች። ወንድሜን የፊተኛው ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ አገኘሁት። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ብርሃኑ ልክ እኔ እንደምፈልገው ነበር።

«ጋሼ፣ አፍህን ክፈት።»

«ምን?»

«አፍህን ክፈት። ሥራዬ ነው።»

«ምን ሆነሻል? ጨጓራዬ ነው አላልኩም?»

«ጨጓራህን ጉንጭህ ላይ ነው እንዴ የምትይዘው?»

እንደ ተቆጣ ልጅ አፉን በሰፊው ከፈተው። በግራ በኩል፣ ላይ፣ ከክራንቻው ወዲያ ምንም የለም፤ ባዶ ድድ ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ሁለት ቀርተውታል፣ አንዱ የተቦረቦረ። ታችም ጎድሏል። ዕድሜው አርባ አልሞላም። እንዲህ ያለ አፍ የሚመጣልኝ የሽማግሌ ነው።

«ምን ሆነው ነው?»

«ታመሙ፤ ተነቀሉ።»

«ሁሉም? ማሳከም አይቻልም ነበር?»

«ማሳከም ሌላ ነው፣ መንቀል ሌላ። ለኔ ቢጤ የሚቀለው መንቀሉ ነው።»

«ታዲያ ለእትዬ ሬዲዮ ጥሩ ነው ያልካቸው…»

«ምን ልበላቸው? ለሴትዮዋ አፌን ከፍቼ ላሳያቸው?»

«እማዬ እጄ አስጠላው ብላ ታለቅሳለች።»

ጉንጩን መልሶ በመዳፉ ሸፈነው።

«ና፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ» አልኩት። «ልሠራልህ ነው።»

ከአፍ ልኬት መውሰድ የሐኪም ሥራ ነው፤ ለኔ የሚመጣልኝ የተወሰደው ልኬት ነው። ግን ተምሬዋለሁ፣ ተማሪ ሳለሁም ሠርቼዋለሁ። ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር ዱቄቱን አወጣሁ። የልኬት ማንኪያዎቹ፣ ዱቄቱን ይዘው መንጋጋ ላይ የሚገጠሙት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ወንድሜን መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና አንገቱ ላይ ፎጣ አሰርኩለት። ዱቄቱን በውኃ አቡክቼ፣ ማንኪያውን ሞልቼ፣ ላይኛው መንጋጋው ላይ አስገብቼ ጫንኩት።

«አሁን እንዳትናገር። ምላስህን አታንቀሳቅስ። በአፍንጫህ ተንፍስ። እስኪጠና ድረስ እጄን አላነሳም።»

በዓይኑ እሺ አለኝ።

ሁለት ጣቶቼ አፉ ውስጥ ነበሩ። በመንገድ ላይ ሰው ያልፋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ አፌን ሊዘጋው እንደማይችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ማለት አይችልም። «ቆይ እኔ ልንገርሽ» ማለት አይችልም። በእኛ ቤት እሱ በስልክ ሲናገር እንኳ ሁላችንም ዝም እንል ነበር።

«ወረቀቷን ጀመርኩላት አልክ» አልኩት። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ወጣ። «ማን ጀምርልኝ አለህ? ጠየቅከኝ? አንድ ቀን ደውለህ ምን እየሠራሽ ነው፣ ምን ትፈልጊያለሽ ብለኸኛል? ስትደውል ለእማዬ ስጫት ነው የምትለው። እኔ ስልኩን የማቀብል ነኝ።»

ዓይኑን አፈጠጠ።

«አትንቀሳቀስ፤ ይበላሻል። ይሄን ክፍል ተመልከተው። እኔ ይሄን ክፍል ለመጥረግ ነው የምገባው። መጋረጃህን አጥባለሁ። አቧራ ያልነካው አልጋህን አራግፋለሁ። ከዚያ ወጥቼ ሶፋ ላይ እተኛለሁ፣ እግሬን አጥፌ። እንግዳ ካመሸ እንቅልፌ ቢመጣም ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ እንግዳው የተቀመጠው አልጋዬ ላይ ነዋ! እማዬ ስትታመም ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ግን ሰው ሲመጣ ያንተን ፎቶ ነው የምታሳየው። አንተ ሄደህ ልጅ ሆንክላት፤ እኔ ቀርቼ ዕቃ ሆንኩ። ኧረ ዕቃ እንኳ ላስቲክ ይለብሳል።»

ከአፉ ጥግ ምራቅ ወረደ፤ በፎጣው ጠረግሁለት። እጄ በረዶ ሆኖ ነበር፤ ሳይሰማው አይቀርም።

«እዚያ ደልቶህ ቢሆን ኖሮ እሺ፣ ይቅናው እል ነበር። አልደላህም! አፍህ ውስጥ እያየሁት ነው። ይሄን አፍ ይዘህ ነው እኔን ነይ የምትለኝ? እኔስ የትኛውን ጥርሴን ልንቀል? ማሽኖቹ ነገ ሊሄዱ ነው። ሥራዬን የሚያስቀረው ይሄ አልጋ ነው። ጥፋቱ ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የእማዬም ነው። ግን አይሆንም ብትላት የምትሰማው አንተን ብቻ ነው፤ ብለሃትም አታውቅም።»

ሌላም ብዙ ነገር ነበረኝ። ግን ልኬቱ ጠንቷል። ከጠና በኋላ ማቆየት የለብኝም፤ ሥራ ሥራ ነው። ነቅዬ አወጣሁት።

ወንድሜ ፎጣው ላይ ተፋ። የተረፈውን በጣቱ ከድዱ ላይ እየጠረገ ተነሳ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም።»

«እኔ የት እንደምተኛ ታውቂያለሽ? ሆቴል ኃላፊ ነው ብላ ነግራሻለች እማዬ። የሆቴል አንሶላ ነው የማጥበው! ምድር ቤት፣ እንፋሎት ውስጥ። አንድ ክፍል ለአራት ነው የምንኖረው። እኔ ስገባ ሌላው ይወጣል፤ አልጋው የሱ ላብ ሳይደርቅ ነው የምተኛበት። አንቺ ሶፋ ትያለሽ! ሶፋሽ ያንቺ ነው። ስትወጪ የሚያውቅሽ ሰው አለ። ስምሽን በትክክል የሚጠራ ሰው አለ። እዚያ አገር ስሜን በትክክል ጠርቶኝ የሚያውቅ የለም።»

«ታዲያ ለምን ትጠራኛለህ?»

«ሌላ ምን ልስጣችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ሰው ሁሉ ምን አመጣህ ይለኛል። እንደገባሁ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ! የለኝም ልበል? አሥራ አንድ ዓመት ሄጄ የለኝም ልበል?»

«በል! አንድ ሰው በዚህ ቤት እውነት ይናገር!»

«ስለ ክፍሉስ ምን ታውቂያለሽ?» አለ፣ አልጋውን እያሳየኝ። ድምፁ ወረደ። «የሰው ላብ ላይ ስተኛ ዓይኔን ጨፍኜ ይሄን አልጋ ነበር የማስበው። የትም ብሆን አንድ የኔ የሆነ አልጋ አለ እያልኩ ነው ያደርኩት።»

«ላም አለኝ በሰማይ።»

«አዎ፣ ወተቷንም አላይ። አውቃለሁ። ግን ላሟ ነበረች።»

«ላሟ የቆመችው እኔ ላይ ነው ጋሼ።»

ለመነታረክ ጊዜ አልነበረኝም። ልኬት ከአፍ ከወጣ በኋላ ቶሎ ጀሶ ካልተሞላ እየደረቀ ይኮማተራል፤ በተኮማተረ ልኬት የተሠራ ጥርስ ደግሞ ድድ ያቆስላል። ብናደድም ይሄ ይሄው ነው። ሮጬ ጀሶውን አመጣሁ፤ በሳህን አቦካሁ። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። አንሶላውን ገፈፍኩና ሳህኑን ላስቲኩ ላይ አስቀመጥኩ። ላስቲኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ። ጀሶው አየር እንዳይቋጥር ላብራቶሪ ውስጥ የምታንቀጠቅጠው ማሽን አለች፤ እዚህ ግን ማንኪያውን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው መዳፌ ሥሩን እየመታሁ ጥቂት በጥቂት አፈሰስኩ። ጀሶው አልጋው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ ተፈናጠረ። ግድ አልነበረኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ።

እናቴ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ከኋላዋ እትዬ ሬዲዮ ነበሩ።

«አልጋውን! ኧረ በሕግ! አልጋውን!»

«እማዬ፣ ቆይ…»

«ምቀኛ! ምቀኛ ነሽ! ወንድምሽ አንድ ሳምንት ቢተኛበት አንገበገበሽ!» እየጮኸች ሳህኑን ልትነጥቀኝ መጣች። ልኬቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ክንዴን ያዘችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዴን መነጨቅኋት።

«እማዬ፣ ተያት» አለ ወንድሜ። «የኔ ጥርስ ነው።»

«የምን ጥርስ?»

ወንድሜ እትዬ ሬዲዮን አየ። ሴትዮዋ በሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ይተወዋል ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረና አፉን ከፈተ። ከንፈሩን በጣቱ ሳብ አድርጎ ግራውንም ቀኙንም አሳያት።

እናቴ ቀረብ ብላ አየች። ጣቷን አንስታ ባዶውን ድድ ልትነካ ነበር፤ ሳትነካው መለሰችው።

«ሥጋው…» አለች።

«ማኘክ አልችልም እማዬ። እጅሽ አላስጠላኝም።»

ታቅፈዋለች ብዬ ጠበቅሁ። በጥፊ መታችው። ጠንካራ ጥፊ አልነበረም፤ ባዶው ጉንጩ ላይ ግን ጮኸ።

«በስልክ ስትስቅብኝ የነበረው በዚህ ነው? አሥራ አንድ ዓመት? ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ባዳውም እንኳ ጥሎህ ሄዷል! እኔ ለሰው ምን ስል ነበር? ሃ? ምን ስል ነበር?»

«እኔ እንዲህ በይ አላልኩሽም።»

«አይደለሁም አላልከኝም!»

እትዬ ሬዲዮ ከበሩ ላይ ቀስ ብለው ጠፉ። ማታውን ሰፈሩ ሁሉ እንደሚሰማ ሦስታችንም አወቅን።

«ክፍሉን ስጫት» አለ ወንድሜ።

«አንተስ?»

«ስመጣ ሶፋው ላይ እተኛለሁ።»

«ተጠቃልለህ ስትመጣስ?»

ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ። እናቴ መልሱን ጠበቀች። እኔ ጀሶውን እየመታሁ ነበር፤ መምታቴን አላቆምኩም፤ ላቆም አልችልም ነበር። መልስ እንደማይመጣ ስታውቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ሰብስባ ወጣች። የመኝታ ቤቷን በር እንዲህ ስትዘጋ ሰምቼ አላውቅም።

ያሸነፍኩ አልመሰለኝም። ገና ተናድጄ ነበር፤ በእሷም፣ በእሱም፣ ሥራዬን በምሠራበት ሰዓት ዕንባዬ በመምጣቱም። ልኬቱን እንዲጠና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ወረቀቱን ላቁመው?» አለኝ ወንድሜ።

«አቁመው።»

«አንድ ቀን ትቆጪ ይሆናል።»

«ይሆናል። ስቆጭ እዚሁ ሆኜ እቆጫለሁ።»

በአፍንጫው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ከዚያ ሳህኑን አንስቶ አቀበለኝ፣ ጎንበስ አለና የፍራሹን ላስቲክ ከራስጌው በኩል በሁለት እጁ ይዞ ሳበው። አርጅቶ ስለነበር በቀላሉ አልወጣም፤ እየተቀደደ፣ በጉማጅ በጉማጅ ነው የወጣው። ከሥሩ ፍራሹ አዲስ ነበር።

ለአለቃዬ ደውዬ መኪናው እንዳይመጣ ነገርኩት። በማግስቱ ከወንድሜ ጋር አልጋውን ፈትተን ሳሎን ውስጥ ገጠምነው፤ ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋነው። እናቴ አላገዘችንም፤ አልከለከለችንምም። ማሽኖቹ ሲገቡ በሩ ላይ ቆማ «ጀሶሽ ቧንቧዬን እንዳይደፍነው» አለችኝ፤ ከእሁድ ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነበር። የታችኛውንም ልኬት ወስጄ የወንድሜን ጥርስ ሠርቼ ጨረስኩ። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥጋ በላ። እስኪሄድ ድረስ አልጋው ላይ ተኛ፤ ከሄደ በኋላ እኔ ተኛሁበት።